ክቡ የሞላለት ማነው?

ወረቀቷ አንድ ገጽ ናት። ከሲቲ ስካኑ ፊልም ጋር በትልቅ ቡኒ ፖስታ ተከታ ሽሮ ሜዳ ያለው የአጎታችን ቤት ደረሰች። እኛ ደግሞ ጋዜጠኝነት ተምረናልና በዚያ ቤት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር ሁሉ የሚቀርበው ለእኛ ነው፤ የቴሌቪዥን መመሪያም ይሁን የመድኃኒት መግለጫ። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ ቡናው ቀርቦ፣ ማንበብ ጀመርን።

መጀመሪያው የምናውቀው ነው። ከፍተኛ የደም ግፊት፣ በአንጎል ቀኝ በኩል ትንሽ የደም መርጋት። አጎታችን ከጨንቻ በልጅነቱ መጥቶ ዕድሜውን ሙሉ ሽሮ ሜዳ የሸመነ ሰው ነው። አንድ ማለዳ መወርወሪያውን ሊያነሣ ሲል ግራ እጁ አልታዘዝ አለው። ሐኪሞቹ ማቅለሚያ መድኃኒት ወግተው የአንጎሉን ደም ሥሮች በሲቲ ስካን ያነሡት ለዚህ ነው። አራተኛው መስመር ላይ ስንደርስ ግን ድምፃችን ቀነሰ፦ «በቀኝ በኩል የኋለኛው አገናኝ ደም ቅዳ አልታየም።»

«አልታየም ማለት?» አለች አክስታችን።

«የለም... ማለት ሳይሆን አይቀርም።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ሁሉም ሐኪም ሆነ። አንዱ ጎንበስ ብሎ መሸመን ያመጣው ነው አለ። ሌላዋ ምች ነው አለች። «ይኼን ሁሉ ዓመት አንድ ሥር ጎድሎት ነው የኖረው?» ብላ አክስታችን ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጋሼ እስከዚያ ዝም ብሎ ነበር። ቀስ ብሎ፣ አፉ ገና እየተኮላተፈ፣ «እኔስ ሳይጎድለኝ ነው የኖርኩት። የጎደለኝ እናንተ ስታነቡት ነው» አለ።

በማግስቱ ፖስታውን ይዘን ሐኪሙ ዘንድ ሄድን። ወጣት ነው፤ ከእኛ ብዙም አይበልጥም። ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግቶ አየና ፈገግ አለ። «አባባ፣ ይሄ በሽታ አይደለም፤ አፈጣጠር ነው። ያመመዎት ግፊቱ ነው፤ እሱን እንቆጣጠራለን። በዚህ በደም ሥሩ ነገር ግን ከብዙ ሰው ጋር አንድ ነዎት።» ከዚያም ወረቀቷን ገልብጦ በጀርባዋ ላይ አንድ ክብ ሳለልን።

ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚያች ክብ ነው። ማን አያት? ማን ሳላት? «ሙሉ» የምትባለውስ የማን ነች?

ቀለበቱ

የሰው አንጎል ከሰውነቱ ክብደት ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ብቻ ነው። ከምንተነፍሰው ኦክስጅን ግን ወደ ሃያ እጅ የሚሆነውን ይወስዳል። ለደቂቃዎች ደም ቢቋረጥበት ይሞታል። ስለዚህ በአንድ ቧንቧ አይተማመንም፤ አራት አለው። ሁለቱ በአንገታችን ፊት ለፊት ግራና ቀኝ ይወጣሉ፤ ጣታችንን አንገታችን ላይ ስናሳርፍ የሚመታው እነሱው ናቸው። ሁለቱ ከኋላ በአንገት አጥንቶቻችን ቀዳዳ ውስጥ አልፈው፣ ራስ ቅል ውስጥ ገብተው አንድ ይሆናሉ። ከአንጎል ሥር ሲደርሱ የፊተኞቹና የኋለኞቹ በአጫጭር አገናኝ ደም ሥሮች ይያያዛሉ፤ አንድ ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። ከሥር ሆኖ ለሚያየው ነገሩ ቀለበት ይመስላል።

ይህን ለመረዳት አርባ ምንጭን ማሰብ ይበቃል። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከምንጮቿ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዋም ሲጀመር እ.ኤ.አ. በ1986 የተቋቋመ የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበር። እዚያ የተማረ ማንኛውም መሐንዲስ የሚነግራችሁ ነገር አለ፦ የከተማን የውኃ ቧንቧ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ብቻ ከዘረጋኸው፣ አንዱ ሲሰበር ከዚያ በታች ያለው ሰፈር ሁሉ ጀሪካን ይዞ ይወጣል። ጫፍና ጫፉን አገናኝተህ ቀለበት ካደረግኸው ግን ውኃው በሌላው በኩል ዞሮ ይመጣል። አንጎላችን ሥር ያለው ቀለበትም ሥራው ይኸው ነው። የጋሼ ወረቀት «አልታየም» ያለችው ከእነዚያ ሁለት የኋላ አገናኞች አንዱን ነው።

የበሬው አንጎል

ሰው ይህን ቀለበት ከማየቱ በፊት ከሺህ ዓመት በላይ የሌለ ነገር ሲያይ ኖሯል። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሮም ውስጥ የኖረው ታላቁ ሐኪም ጋሌን የሰው ሬሳ መቅደድ አልተመቸውም፤ ስለዚህ በሬ፣ በግ፣ አሳማና ዝንጀሮ ቀደደ። በበሬና በበግ አንጎል ሥር የተጠላለፈ የደቃቅ ደም ሥሮች መረብ አገኘ። «ድንቅ መረብ» ተባለ፤ የሰው የአእምሮ ኃይል የሚጣራው እዚያ ነው ተብሎም ተጻፈ።

ጋሞ ላይ ለመስቀል የታረደውን በሬ ጭንቅላት ከፍቶ የሚያይ ሰው ጋሌን እንዳልዋሸ ይረዳል። መረቡ አለ፤ ያለው ግን በበሬው ነው። በሰው የለም። ይህን ለመናገር ከ1300 ዓመት በላይ ፈጀ። ጣሊያናዊው ቤሬንጋሪዮ ዳ ካርፒ እ.ኤ.አ. በ1521 ፈልጌ አጣሁት አለ። ስመ ጥሩው ቬሳሊየስ እንኳ በ1538 ባሳተመው ሥዕል ላይ መረቡን ለሰው ሥሎለት ነበር፤ የለም ብሎ የጻፈው በ1543 ነው።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። ዓይን ያለው ሁሉ አያይም። መጽሐፍ «አለ» ካለ፣ ባይኖርም ይታያል። መጽሐፍ ያልጻፈው ደግሞ ፊት ለፊት ቢቆምም አይታይም።

ቀለም የወጋው ሰው

እ.ኤ.አ. በ1664 የኦክስፎርዱ ቶማስ ዊሊስ ስለ አንጎል አናቶሚ ትልቁን መጽሐፉን በላቲን አሳተመ። በመቅደዱ ሪቻርድ ሎወር አገዘው፤ ከሥዕሎቹ ብዙዎቹን የሣለው ደግሞ ክሪስቶፈር ሬን ነው፤ አዎ፣ ያው ኋላ የለንደንን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የነደፈው። ቀለበቱን በማየት ዊሊስ የመጀመሪያው አልነበረም፤ የስዊዘርላንዱ ቬፕፈር በ1658 ጽፎበታል። ዊሊስን የለየው «ለምን ክብ ሆነ?» ብሎ መጠየቁ ነው። መልሱን ለማግኘትም በአንዱ የአንገት ደም ቅዳ በኩል ቀለም ወጋ። ቀለሙ በሌላው ወገን ወጣ። ጋሼን ማቅለሚያ የወጋው ባለሙያ የዊሊስ የልጅ ልጅ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ዊሊስ አንድ ሰው ደግሞ አጋጠመው። ሰውየው በሌላ ሕመም ሞተ። ሲከፈት የቀኝ አንገቱ ደም ቅዳ ደንድኖ ተዘግቶ ተገኘ፤ ሆኖም በሕይወት ሳለ አንዳች የሽባነት ምልክት አላሳየም። በዚያው ወገን ከኋላ የሚመጣው ደም ቅዳ ከወንድሙ ሦስት እጥፍ ወፍሮ ሥራውን ተረክቦት ነበር። ቀለበቱ ሰውን ሲያድን በዓይን የታየው ያን ቀን ነው። የዊሊስ ስምም እስከ ዛሬ በክቡ ላይ ቀረ።

ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። ያ ውብ፣ የተመጣጠነ፣ ሁሉም የተሟላለት ሥዕል ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ተገለበጠ። ለንደን የሚማረውም፣ ቦምቤይ የሚማረውም፣ አዲስ አበባና አርባ ምንጭ የሚማረውም ያንኑ ክብ አጥንቶ ይፈተናል። ተማሪው ሳያስበው «ሰው ማለት ይህ ነው» ብሎ ይወጣል።

ሥዕሉ ስንት ሰው ላይ ይሠራል ብለው የቆጠሩም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1959 አልፐርስና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ የ350 ሟቾችን አንጎል መረመሩ፤ በአንጎል በሽታ ያልሞቱ፣ «ጤነኛ» የተባሉ አንጎሎች ናቸው። መጽሐፉ እንደሚለው የተሟላ ቀለበት የተገኘው በ52 ከመቶው ብቻ ነበር። የቀሩት ወይ አንዱ ቀጭን ነው፣ ወይ ድርብ ነው፣ ወይ ጭራሽ የለም። በአንዳንዶቹ የኋላው የአንጎል ክፍል ደሙን የሚያገኘው፣ ልክ በማኅፀን እንደነበሩ፣ ከፊት በሚመጣው ቧንቧ ነው። ይህ ሁሉ ሳያማቸው የኖሩበት አፈጣጠር ነው። የሐኪሙ «ከብዙ ሰው ጋር አንድ ነዎት» የተባለው ይህ ነው።

ሕያው ሰው ሳይቀደድ

ሟችን መቁጠር ግን ገደብ አለው። የሞተ ሰው ደሙ አይፈስስም። ሕያው ሰው ሳይቀደድ እንዲታይ ሌላ ዓይን ያስፈልግ ነበር። የዚያ ዓይን ታሪክ ገና ከጅምሩ በእኛ በኩል አልፏል።

ሮንትገን ራጅን ያገኘው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1895 ነው። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሆነ፤ በእነሱ አቆጣጠር 1896። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር፣ ኔፕልስ በሚገኝ ወታደራዊ ሆስፒታል፣ ሌተናንት ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ ሐኪም ከኢትዮጵያ ጦርነት ቆስለው የተመለሱ ሁለት ወታደሮችን ክንድ በራጅ አንሥቶ ጥይቱ የት እንደተቀመጠ ፈለገ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ የዋለበት የመጀመሪያው ጊዜ ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው። ማሽኑ የእነሱ፣ ጥይቱ የእኛ!

ራጅ አጥንትና ብረት ያሳያል፤ ደም ሥር ግን አያሳይም። ፖርቱጋላዊው ኤጋስ ሞኒዝ እ.ኤ.አ. በ1927 አዮዲን ያለበት ፈሳሽ በአንገት ደም ቅዳ ወግቶ የሕያው ሰውን የአንጎል ደም ሥሮች ለመጀመሪያ ጊዜ በራጅ አነሣ። የዊሊስ ቀለም ከ260 ዓመት በኋላ በሕያው ሰው ውስጥ ፈሰሰ ማለት ነው። በጥቅምት 1971 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያው በሽተኛ በሲቲ ስካን ታየ፤ የታየውም አንጎሉ ነበር። ለዚህ ሥራ በ1979 ኖቤል ከተሸለሙት ሁለቱ አንዱ አለን ኮርማክ ነው፤ ጥያቄውን ማሰብ የጀመረው ኬፕ ታውን ሆስፒታል ውስጥ ሲሠራ ነበር። አፍሪካ እዚህም አለች።

ከዚያ ኤምአርአይ መጣ። በእሱ አንዱ ዘዴ መርፌም ማቅለሚያም አያስፈልግም። ማሽኑ በአንድ ሥፍራ የቆመውን ሥጋ በተደጋጋሚ የሬዲዮ ሞገድ ይደበድበዋል፤ የቆመው ይደክምና ይጨልማል። አዲስ የሚገባው ደም ግን ያልተደበደበ ነውና ያበራል። ልክ እንደ ምንጭ ነው፤ የቆመው ውኃ ይደፈርሳል፣ የሚፈልቀው ያበራል።

እ.ኤ.አ. በ1998 የሆላንድ ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ የ150 ጤነኛ ሰዎችን ቀለበት አዩ። ሙሉ ሆኖ የተገኘው በ42 ከመቶው ነው። በሟቾቹ ግን 52 ነበር። ልዩነቱ በከፊል ከዓይኑ ነው። ደሙ ቀስ ብሎ የሚሄድበት፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር የሚቀጥን ደም ሥር ኖሮም በምስል ላይ ላይታይ ይችላል። የጋሼ ወረቀት «የለም» ሳትል «አልታየም» ያለችው በጨዋነት አይደለም፤ በትክክለኝነት ነው። «የለም» ያልነው እኛ ነን። ጋዜጠኝነት ለተማረ ሰው ከዚህ የበለጠ ኀፍረት የለም።

የባይራ አጥንት

እንግዲህ ወደ ጋሞ እንመለስ። «የሰው አፈጣጠር ከሰው ይለያል» የሚለውን ጥያቄ የጋሞ ደጋ ለዓለም ሳይንስ አዲስ አላደረገችውም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሞታ በተባለ ዋሻ ውስጥ ከ4500 ዓመት በፊት የተቀበረ ሰው አጽም ተገኘ። በጋሞኛ «ባይራ» አሉት፤ የበኩር ልጅ ማለት ነው። በ2015 የዘር ቅንጣቱ ሙሉ በሙሉ ተነበበ፤ ከጥንታዊ አፍሪካውያን የመጀመሪያው ሆነ። በደጋ ለመኖር ከሚያግዙ የዘር ምልክቶች የተወሰኑት ተገኙበት። ጥቂት ቆይቶ አጥኚዎቹ ራሳቸው በኮምፒውተር ስሌታቸው ላይ ስሕተት እንደነበረ አምነው ስለ መላው አፍሪካ የሰጡትን አንድ ትልቅ መደምደሚያ አነሡት። እኛ ይህን ከጥናቱ እኩል ወደድነው። ጋሌንን የሚያርም 1300 ዓመት ጠፋ፤ እነዚህ በወራት ውስጥ ራሳቸውን አረሙ።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። የባይራ ዘር የተነበበው ከጆሮው በስተውስጥ ካለው፣ እንደ ድንጋይ ከጠነከረው የራስ ቅል አጥንት ነው። ወደ አንጎል የሚወጣው የአንገት ደም ቅዳ የሚያልፍበት መተላለፊያም በዚያው አጥንት ውስጥ ነው። በሩ 4500 ዓመት ቆየ፤ በበሩ ይገባ የነበረው ደም ሥር ግን ከባለቤቱ ጋር አፈር ሆነ። የባይራ ቀለበት ሙሉ ይሁን ጎዶሎ አጥንት አይነግረንም። ስለ ደም ሥር የሚናገረው ሕያው ሰው ብቻ ነው።

ሕያው ሰው ደግሞ እዚህ አለ። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ 37 ኪሎ ሜትር ወጣ ስንል ጨንቻ ከ2700 ሜትር በላይ ነው። የኢትዮጵያ ደገኞች ሰውነት ስስ አየርን የሚችልበት መንገድ ከአንዲስ ተራራ ሰዎች እንደሚለይ እ.ኤ.አ. በ2002 ከሰሜን ተራራ የወጣ ጥናት አሳይቷል። በ2008 ደግሞ የኢትዮጵያ ደገኞች የአንጎል ደም ፍሰት በአልትራሳውንድ ተለክቶ ታትሟል። ሥዕሉ ከሌላ ሀገር ብቻ መምጣት የለበትም የምንለው የጋሞ ሰው አንጎል ከሌላው የተለየ ነው ብለን አይደለም። ይህን ከማለት ይሰውረን! ልዩነቱ በአንድ ቤት፣ በወንድምና በወንድም መካከልም አለ። የምንለው፣ ሐኪሙ የሚያክመውን ሰው ከቆጠረው ውስጥ ያግኘው ነው።

ምን ይጠቅማል? ያው የዊሊስ ሰው ነው መልሱ። አንድ የአንገት ደም ቅዳ ሲዘጋ፣ አንዱ ሰው ምንም ሳይሰማው ይኖራል፤ ሌላው ግማሽ አካሉን ያጣል። ከምክንያቶቹ አንዱ አገናኞቹ መኖር አለመኖራቸው ነው። በአንገት ላይ ቀዶ ጥገና ሲደረግ ሐኪሙ ደም ቅዳውን ለጊዜው ይቆልፈዋል፤ ቀለበቱ ያልሞላለት ሰው ያንጊዜ አደጋ ላይ ነው። ከፊተኞቹ አንዱ ቀጭን የሆነበት ሰው ደግሞ በፊተኛው አገናኝ ላይ የደም ሥር እብጠት የመውጣቱ ዕድል ከፍ ይላል፤ ያ ሲፈነዳ ገዳይ ነው። ከ2006 ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኖርዌይ ትብብር የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን ይዟል። ለእነዚህ ሐኪሞች ካርታው ጌጥ አይደለም።

ሥራውም እንደ ሮኬት አይደለም። ለራስ ምታት፣ ለመኪና አደጋ፣ ለስትሮክ የተነሡ ምስሎች ይሰበሰባሉ። ስም ይጠፋል። ሁለት የራዲዮሎጂ ሐኪሞች፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ፣ እያንዳንዱን ደም ሥር አለ፣ የለም፣ ቀጭን ነው እያሉ ይመዘግባሉ። ከዚያ የተስማሙበትና ያልተስማሙበት ይነጻጸራል። የሚያስፈልገው ትዕግሥት፣ የበሽተኞችን ክብር የሚጠብቅ ደንብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተቀመጠ ምስል ነው።

እንቅፋቱም እዚህ ላይ ነው። የእኛ ሀገር ሰው ፊልሙን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ስንት አንጎል በቡኒ ፖስታ ከቁም ሣጥን ላይ፣ ከአልጋ ሥር፣ ከሠርግ አልበም ጋር ተኝቷል! የሀገሪቱ ትልቁ የራዲዮሎጂ መዝገብ ቤት የእናቶቻችን ቡፌ ሳይሆን አይቀርም።

ጋሼ አሁን ይሻለዋል። ግራ እጁ መወርወሪያውን ይቀበላል፤ እንደ ድሮው ባይፈጥንም። የግፊት መድኃኒቱን አክስታችን ቆጥራ ታስውጠዋለች። ለመስቀል ወደ ጨንቻ ሲወጣ ሻንጣውን ስናዘጋጅ ያን ፖስታ ከልብሱ መሐል አገኘነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ምን ያደርግልሃል?»

«አርባ ምንጭ ሐኪም የሚማሩ ልጆች አሉ አላላችሁም? በዚያ ነው የማልፈው። ይዩት። ሲማሩ ሙሉውን ብቻ አይተው እንዳይወጡ።»